የአባቴ ፌዝ

መብራት በአማርኛ እንደ ሰው ነው፤ ይሄዳል፣ ይመጣል። «መብራት ሄደ» ስንል የት እንደሄደ አንጠይቅም። «መጣ!» ተብሎ የሰፈሩ ሕፃናት ሲጮሁም ከየት እንደመጣ አናጣራም፤ በልባችን አብረን እንጮሃለን እንጂ። ደግሞ ልብ ብላችሁ እንደሆነ፣ የአዲስ አበባ ሰው ማታ ቤቱ ድንገት ድርግም ሲልበት መጀመሪያ የሚያየው አምፖሉን አይደለም። በሩን ከፍቶ ብቅ ይልና የጎረቤቱን መስኮት ያያል። እዚያም ከጨለመ ልቡ ይረጋል። «የሁላችንም ነው» ብሎ ሻማውን በዳበሳ ፈልጎ ይቀመጣል። የጎረቤት መስኮት ቦግ ብሎ ካየው ግን ነገር ተበላሸ፤ ጨለማው የግሉ ሆነ ማለት ነው። የግል ጨለማ እንደ ጋራው ጨለማ ተጠብቆ አይመለስም። መሰላል ፈልጎ መውጣትን ይጠይቃል።

እናቴ መሰላል የሚወጣላት አጥታ ይሁን ሰው ላለማስቸገር፣ የግል ጨለማዋን ከሁለት ሳምንት በላይ ታቅፋ ቆየች። ይህን ያወቅሁት ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው። ቀኑን የማልረሳው ለኔ ተብሎ አይደለም፤ የሕዳሴው ግድብ የተመረቀበት ዕለት ስለሆነ ነው። በዓሉን አብሬያት ላሳልፍ ኮልፌ ስደርስ ሳሎን ውስጥ ቴሌቪዥኑ ተከፍቶ 5,150 ሜጋ ዋት እያለ ይተርካል፤ እናቴ ጋቢዋን ደርባ በፊቱ ተቀምጣለች። «ልጄ፣ መነጽሬን ከጓዳ አምጣልኝማ፣ ውኃውን ደህና አድርጌ ልየው» አለችኝ። ወደ መኝታ ቤቷ ገብቼ ማብሪያ ማጥፊያውን ተጫንኩት። ቀጭ አለ። ሌላ ነገር የለም። መልሼ ተጫንኩት። ቀጭ።

«ኧረ እሱን ተወው፤ ካኮረፈ ሰንብቷል» አለች ከሳሎን።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከፍልሰታ ማግሥት።»

«ታዲያ ምነው ሳትነግሪኝ?»

«ለአንድ አምፖል ሥራህን ትተህ ልትመጣ?»

ሥራዬ ምን እንደሆነ እናቴ በትክክል አታውቅም። ዲፕሎማዬን በጋዜጠኝነት እንደያዝኩ፣ ከዚያ ወዲያ አንድም መሥሪያ ቤት በቋሚነት እንዳልቀጠረኝ፣ ለዚህም ለዚያም እየጻፍኩ እንደምኖር ነግሬያታለሁ። እሷ ግን «ሥራ ላይ ነው» ብላ ለጎረቤት ማውራት ትወዳለች። በዚያ ሰሞን ቁጭ ብዬ ግድግዳ ሳይ ነበር የከረምኩት። አላልኳትም።

መነጽሩን በስልኬ ብርሃን ፈልጌ አመጣሁላት። ስትነሣ ቀሚሷ ከፍ ሲል ቅልጥሟ ላይ የጠቆረ ነገር አየሁ። ምንድን ነው ስላት ሸፈነችው። በኋላ ተከራያችን ናት የነገረችኝ፤ አንድ ሌሊት ግድግዳውን እየዳሰሰች ስትገባ ከእግር ሥር ካለው ሣጥን ጋር ተጋጭታ ወድቃለች። የሰባ አንድ ዓመት ሴት ናት። ዳዊቷን ጎሕ ሲቀድ አልጋዋ ላይ ሆና የምትደግመውን ትታ፣ ሰው እንዳትቀሰቅስ እየተጠነቀቀች ሳሎን ወጥታ ነው ያን ሁሉ ቀን የደገመችው። ኤሌክትሪክ በ1890 ዓ.ም. ገደማ በምኒልክ ቤተ መንግሥት በርቶ፣ በዚያን ዕለት ደግሞ ዓባይ ላይ ያን ያህል ተመርቶ፣ እናቴ ቤት የጎደለው ዘጠኝ ዋት ነበር።

«ደግሞ እኮ» አለችኝ መነጽሯን እየጠረገች፣ «ጨርሶ አልሞተም። ሌሊት ነቅቼ ሳየው አንድ ዓይኑን ገርበብ አድርጎ ያየኛል። እንደ አባትህ። እሱም ዓይኑን ሳይገጥም ነበር የሚተኛ።»

የእርጅና ወሬ ነው ብዬ አለፍኩት። የዚያን ሌሊት ግን ውኃ ልጠጣ ተነሥቼ በመኝታ ቤቷ በር ሳልፍ ቀና ብዬ አየሁ። እውነቷን ነው። ማብሪያ ማጥፊያው ጠፍቶም በርቶም አልበራ ያለው አምፖል፣ ሆዱ ውስጥ ፍም እንደቀረበት ምድጃ ደብዘዝ ብሎ ይታያል። ሰው ቀርቶ አልጋ አያሳይም። ግን አለ።

እዚህ ላይ ስለ አባቴ ማውራት አለብኝ። አባቴ በሕይወት ሳለ አምፖል መቀየር በቤታችን ሥነ ሥርዓት ነበረው። «አምፖል ልቀይር ነው!» ብሎ ያውጃል። የጀመርነውን የቤት ሥራ እንዘጋለን። ሬዲዮው ይዘጋል። እሱ ግቢ ወጥቶ የቆጣሪውን ማጥፊያ ያወርደዋል፤ ቤቱ በሙሉ፣ ኋላ ተከራይ ስናስገባም የተከራዩ ክፍል ጭምር፣ ይጨልማል። ከዚያ በባትሪ እየታየ፣ እኔ ዱካውን ደግፌ፣ እኅቴ አዲሱን አምፖል እንደ ዕንቁላል ይዛ፣ እሱ ይወጣል። እኅቴ አፏ ስለት ነበር። «ለአንድ አምፖል አገር ይጨልም!» ትል ነበር። አባቴ አይስቅም። እኛ ስንስቅም አይቆጣም። ቀይሮ ይወርድና ግቢ ወጥቶ ቆጣሪውን መልሶ ያበራል። ጎረቤቶቻችን ማብሪያ ማጥፊያውን ቀጭ አድርገው አጥፍተው በግማሽ ደቂቃ የሚፈጽሙት ነገር እኛ ቤት ሩብ ሰዓት ይፈጃል።

የቤታችንን መስመር የዘረጋው ራሱ ነው። 1984 ዓ.ም. ላይ የራሳችን ቆጣሪ እስኪገባልን ድረስ ከጎረቤት በተጠለፈ ሽቦ አንዲት አምፖል ነበረችን አሉ፤ እኔ ሦስት ዓመቴ ነው፣ አላስታውስም። እስከ ቆጣሪው ያለው የመንግሥት፣ ከቆጣሪው ወዲህ ያለው የባለቤቱ ነውና፣ አባቴ ገንዘብ ለሰው ከመስጠት በገዛ እጁ ሠራው። በገዛ እጄ ማለትን ይወድ ነበር። እንግዳ ሲመጣ፣ ጠላው ሁለተኛ ሲቀዳ፣ ቀና ብሎ ኮርኒሱን እያየ «ይኼን መብራት እኮ በገዛ እጄ ነው ያስገባሁት» ሳይል አይቀርም።

በማግሥቱ ጳጉሜን 5፣ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ፣ ጠዋት አዲስ አምፖል ገዝቼ መጣሁ። የአባቴን ሥነ ሥርዓት አላሰብኩትም፤ ብቻ ማብሪያ ማጥፊያውን አጠፋሁ። ጠፍቷል፣ አይደል? ጠፍቷል። ዱካ ላይ ወጣሁ። ቤታችን የጭቃ ነው፤ ክረምቱን ሙሉ የጠጣው ግድግዳ ገና አልደረቀም። ግራ እጄን እሱ ላይ ተደግፌ በቀኜ አሮጌውን አምፖል ጠመዘዝኩት። ሁለት ዙር ሲወጣ ጣቴ የአምፖሉን ብረት አንገት ነካ።

መብራት ይዟችሁ የሚያውቅ ካላችሁ ልነግራችሁ አያስፈልገኝም። ይዟችሁ ለማያውቅ ደግሞ ልነግራችሁ አልችልም። ክንዴን አንድ ሰው ከውስጥ በኩል የጎተተኝ ነው የመሰለኝ። እጄ ግድግዳውን ለቀቀ፣ ዱካው ከዳኝ፣ አልጋው ላይ በጀርባዬ ወደቅሁ። ከዘራፊ ያመለጥኩ ይመስል ልቤ ይደልቃል። እናቴ «በስመ አብ!» እያለች ደረሰች።

«አጥፍቼው ነበር እኮ!» አልኩ፣ እንደ ከሳሽ ወደ ማብሪያ ማጥፊያው እየጠቆምኩ።

እናቴ ማብሪያ ማጥፊያውን አላየችም። እኔን ነው ያየችው። «ቆጣሪውንስ?» አለች። ከዚያ በላይ አልተናገረችም፤ እኔም አልጠየቅኋት።

ብልህ ሰው እዚያ ላይ ያቆማል። እኔ ወደ ሱቅ ሄጄ ቴስተር ገዛሁ፤ ያቺ ጫፏ ኤሌክትሪክ ሲነካ እጀታዋ ውስጥ ቀይ ብርሃን የምታሳየውን ካቻቪቴ። በደረቅ ጨርቅ ይዤ አዲሱን አምፖል አስገባሁ። አልበራም። እንግዲያው በሽታው ከአምፖሉ አይደለም። የማብሪያ ማጥፊያውን ክዳን ፈትቼ ቴስተሯን በአንደኛው ብሎን አደረግሁ፤ ደብዘዝ ብላ በራች። ማብሪያውን ተጭኜ በሁለተኛው አደረግሁ፤ እዚያም በራች። ማብሪያ ማጥፊያው ደህና ነው፤ ያሳልፋል። ኤሌክትሪክም አለ፤ እኔው ራሴ ምስክር ነኝ። አምፖሉም አዲስ ነው። ታዲያ ለምን አይበራም?

በትምህርት ቤት አንድ ነገር በሁለት ምንጭ ካልተረጋገጠ አትጻፉ ተብለናል። እኔ ሁለት ምንጭ አለኝ፤ ሁለቱም ብሎኖች ኤሌክትሪክ አለ ብለዋል። ወሬው ግን አልሆነም። እዚህ ላይ ሳስበው አሁን ያስቀኛል፤ የተማርኩትን ትምህርት ግማሹን ረስቼው ነበር። ሁለተኛው ግማሽ እንዲህ ይላል፤ ሁለቱ ምንጮች ከአንድ ሰው የሰሙ ከሆነ ሁለት አይደሉም፣ አንድ ናቸው።

ይህን ያስታወሱኝ በሰፈራችን መብራት ሲሠሩ ያረጁ አንድ ሰው ናቸው። ዕድሜያቸው ከእናቴ አይርቅም፤ ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። ገብተው ምንም ሳይነኩ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ኮርኒሱን፣ ግድግዳውን፣ የተፈታውን ማብሪያ ማጥፊያ አዩ። የሆነውን ነገርኳቸው።

«አምፖሉን አውጣው፤ እንዳትነካው በጨርቅ» አሉኝ። አወጣሁት።

«በል ያቺን ቴስተርህን እንደገና ማብሪያ ማጥፊያው ላይ አድርግ።»

አደረግሁ። አልበራችም። በሁለተኛው ብሎን አደረግሁ። የለም። ቅድም የነበረው ኤሌክትሪክ አምፖሉን ሳወጣው አብሮ ወጣ።

«ገባህ?» አሉኝ። አልገባኝም። ዱካውን ስበው ተቀመጡና እንደ ሕፃን አስረዱኝ። ወደ ቤት የሚገቡት ሽቦዎች ሁለት ናቸው። አንዱ ጉልበቱን ይዞ የሚመጣው ነው፤ ሠራተኞች ፌዝ ይሉታል። ሌላው የመጣው የሚመለስበት ነው፤ ኒውትራል ይባላል። አምፖል የሚበራው የመጣው መመለሻ ሲያገኝ ብቻ ነው። ማብሪያ ማጥፊያ መቀመጥ ያለበት በፌዙ ላይ፣ ከአምፖሉ በፊት ነው፤ ሲጠፋ ጉልበቱ አምፖሉ ዘንድ አይደርስም። እኛ ቤት ግን የተገላቢጦሽ ነው። ፌዙ ያለ ምንም ከልካይ በቀጥታ አምፖሉ አናት ላይ ገብቷል፤ ማብሪያ ማጥፊያው የተቀመጠው መመለሻው ላይ ነው። ስለዚህ ቴስተሯ ማብሪያ ማጥፊያው ላይ ያየችው ኤሌክትሪክ በአምፖሉ ሆድ አልፎ የመጣ ነው፤ መመለሻ አጥቶ እዚያ ቆሞ የሚጠብቅ።

«እዚህ ቤት መብራት ስታጠፉ በሩን ትዘጋላችሁ፤ ሌባው ግን ቤት ውስጥ ነው» አሉ። «220 ቮልት ነው። እግዚአብሔር ነው ያወጣህ።»

ፌዝ! ይህን ቃል ማን እንዳመጣብን እንጃ፤ የፈረንጁ ቃል በሠራተኛ አፍ ዞሮ ነው እንዲህ የሆነው። በኛ አማርኛ ፌዝ ቀልድ ነው፤ ሰው የሚፌዝበት። አባቴ በእንግዳ ፊት ቀና ብሎ ኮርኒሱን እያየ «በገዛ እጄ» ሲል ታየኝ። ሠላሳ ሦስት ዓመት ሙሉ ከጭንቅላታችን በላይ ፌዝ ተሰቅሎብን ኖሯል።

ዝም ማለቴን አይተው ይሁን እንጃ፣ ጋሼ «አባትህ የመኪና ኤሌክትሪክ ነበሩ አይደል?» አሉኝ። ነበረ። ዕድሜውን ሙሉ በአንድ ጋራዥ ቮልስና ፊያት ሲጠግን ነው የኖረው።

«እንግዲህ አትፍረድባቸው። በመኪና መመለሻው ራሱ የመኪናው አካል ነው፤ ማሳ ይሉታል። የቮልስን ክላክስ አስበው፤ ጉልበቱ ጥሩንባው ዘንድ ደርሶ ይጠብቃል፤ አንተ መሪው ላይ ስትጫን ከማሳው ጋር ታገናኘዋለህ። በር ሲከፈት የምትበራውም መብራት እንደዚያው ናት፤ በሩ ላይ ያለው ማጥፊያ የሚቆርጠው መመለሻዋን ነው። 12 ቮልት ሰው አይገድልም። እሳቸው የሚያውቁትን ነው የሠሩት።»

ይህ አባባላቸው አሁን ድረስ አብሮኝ አለ። ባለማወቁ ሳይሆን በማወቁ የተሳሳተ ሰው አባቴ ብቻ አይደለም፤ እኔም ዜና አጻጻፍ ተምሬ ደብዳቤ በዜና አጻጻፍ ጽፌ ያቀያየምኩት ሰው አለ። ግን ያ ሌላ ጨዋታ ነው።

የአምፖሉ ገርበብ ያለ ዓይን ነገርም እዚሁ ተፈታ። ጉልበቱ ምንጊዜም አምፖሉ ዘንድ ስላለ፣ ከሽቦ ወደ ሽቦ፣ ከሽቦ ወደ እርጥብ ግድግዳ የምታመልጠው ጥቂት ኤሌክትሪክ ለአንዳንዱ ኤልኢዲ አምፖል ትበቃዋለች፤ ሳይበራ ያበራል። የዱሮው ቢጫ አምፖል ስልሳ ዋት ካልበላ ንቅንቅ ስለማይል ምስጢሩን ጠብቆ ኖረ። በ2001 ዓ.ም. ገደማ ቢጫውን አስረክባችሁ ቆጣቢውን ውሰዱ ሲባል ነጩ አምፖል ገባ፤ እሱ ሌሊት ሌሊት ብልጭ እያለ ሲጠፋ ትዝ ይለኛል፤ እኅቴ መንፈስ ነው ብላ አስፈራርታኝ ነበር፣ ጢም ካበቀልኩ በኋላ። አምፖሉ በተሻሻለ ቁጥር የአባቴ ስሕተት ጎልቶ መታየት ጀመረ ማለት ነው። ጋሼ ይህን ሲያስረዱኝ እናቴ ቡና ልታቀርብ ወጣ ገባ ትላለች። ድምፄን ዝቅ አድርጌ «እባክዎ፣ እሷ ፊት የአባቴን አያንሡብኝ» አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ።

የቀረው የቱ ጋ እንደተበጠሰ ማግኘት ነው። ለዚያ ቆጣሪው ይጥፋ። ቆጣሪው እንዳይጠፋ ግን ዋዜማ ነው። ተከራያችን ከጓሮ ምጣዷን ጥዳ የበዓል እንጀራ ትጋግራለች። የኤሌክትሪክ ምጣድ መሀል ላይ ሲቋረጥ ምን እንደሚሆን የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ዐይን የሌለው፣ ከምጣዱ የማይነሣ እንጀራ ይሆናል። «እማማ፣ ስምንት ብቻ ነው የቀረኝ» ብላ በጓሮ በር ብቅ አለች። እናቴም «ጨርሺ ልጄ፣ ይኼኮ ሁለት ሳምንት ጠብቋል» አለች። ስምንቱ አሥራ አራት ሆነ። ቡናው ቶና ሆኖ በረካ ደረሰ። ጋሼ ሰዓታቸውን አንድ ጊዜ እንኳ አላዩም።

ቆጣሪው ሲጠፋ መሰላል ተደግፎ ጋሼ ኮርኒሱን ከጥግ ፈቱት። የኛ ኮርኒስ የማዳበሪያ ከረጢት ተሰፍቶ በኖራ የተቀባ ነው። አቧራው፣ የአይጡ ጎጆ፣ የ1980ዎቹ ጋዜጣ ቁራጭ ወረደብን። እኔ ባትሪ አብራለሁ። ብዙም ሳይቆዩ «ይኸውልህ» አሉ። በናስትሮ የተጠቀለለ ቋጠሮ ነው፤ ናስትሮው ጠቁሮ ቀልጧል። ሲገልጡት የመኝታ ቤቱ ቀጭን ሽቦ እንደ ከሰል ተሰባብሮ ወደቀ። ወደ ተከራይዋ ክፍል የሚሄደው ወፍራም ሽቦ የተቀጠለው እዚያው ቋጠሮ ላይ ነበር። ምጣድ ከሦስት ሺህ ዋት በላይ ይበላል፤ ያን ሁሉ የሚሸከም ቋጠሮ ላላ ካለ ይግላል፤ በጋለ ቁጥር ይበልጥ ይላላል። ወፍራሙ ቻለው፤ ቀጭኑ ከሣምንት ሣምንት እየተቃጠለ መጥቶ በፍልሰታ ማግሥት፣ ምናልባት ለፍስኩ እንጀራ ሲጋገር፣ ተበጠሰ።

ልቤ ዝቅ አለ። «ይኼም የአባቴ ነው?» አልኩ ከታች።

«አይደለም» አሉ ጋሼ። ከሰባት ዓመት በፊት፣ አባቴ ባረፈ በዓመቱ፣ ለምጣድ መስመር ያስቀጠልነው በገንዘባችን ሠራተኛ አስጠርተን ነው። «የአባትህን ቋጠሮ ልታይ ትፈልጋለህ?» አሉና ባትሪውን ተቀብለው ትንሽ ራቅ ያለ ቦታ ላይ አበሩ። ሁለት ሽቦ ነው፤ አንዱ በሌላው ላይ ጥምዝምዝ ብሎ እንደ ሴት ልጅ ሹሩባ ተጎንጉኗል፤ በላዩ ቆርቆሮ ቀልጦ ፈስሶበት ዛሬም ያብረቀርቃል። ጋሼ በጣታቸው ነካ አደረጉት። «ጋራዥ ነው እንዲህ የሚታሰረው፤ መኪና ይነቃነቃላ። ይኼን እንኳ እኔ አልነካውም።»

ጋሼ ከመሰላሉ ሳይወርዱ መመለሻውን አድሰው ቀጠሉት፤ ወፍራሙንም በደህና መቆንጠጫ አሰሩት። ከዚያ ፌዙን ወደ ማብሪያ ማጥፊያው አወረዱ፣ መመለሻውን በቀጥታ ወደ አምፖሉ ሰደዱ። ቆጣሪው ሲበራ ማብሪያ ማጥፊያውን አጥፍተው ቴስተሯን አምፖሉ የሚገባበት ላይ አደረጉ፤ አልበራችም። «አሁን ማጥፋት ማለት ማጥፋት ነው» አሉ። አምፖሉ ገባ። ቀጭ። የእናቴ አልጋ፣ ሣጥኗ፣ የሥላሴ ሥዕሏ፣ ዳዊቷ ያለበት መስኮት፣ ሁሉም በየቦታው ታየ። «ተመስገን» አለች እናቴ፤ ወዲያውም የወረደውን አቧራ አይታ መጥረጊያ ፍለጋ ሄደች።

ሳሎኑና ወጥ ቤቱም ያው የአባቴ አሠራር ናቸው። ጋሼ ለቅዳሜ ቀጠሩን፤ በዋዜማው ሊመሽባቸው ነበር። እስከዚያ አምፖል እንዳይነካ፣ ከተነካም ቆጣሪው እንዲጠፋ አዘዙ። እናቴ «እሱን እናውቃለን» አለች።

ማታ ነው። ውጭ ችቦ ይነዳል፣ ልጆች ይዘፍናሉ። እናቴ አልጋዋ ላይ ሆና ዳዊቷን አንብባ ስትጨርስ ላጠፋላት ገባሁ። ቀጭ አደረግሁት። ድቅድቅ ጨለማ ሆነ፤ ያቺ ገርበብ ያለች ዓይን የለችም።

«ምነው ድርግም አለ?» አለች።

«ተሠራ እኮ።»

ዝም አለች። እኔም በጨለማው ቆሜ ልንገራት ወይስ ልተወው እያልኩ አወጣለሁ አወርዳለሁ። በመጨረሻ ነገርኳት፤ አባቴ መስመሩን ገልብጦ እንደሠራው፣ በመኪና ልማዱ እንደሆነ፣ እኔንም ጠዋት የያዘኝ ለዚያ እንደሆነ። ስሙን ላለማጉደፍ እየተጠነቀቅሁ፣ ቋጠሮው ምን ያህል ያማረ እንደሆነ ጨማምሬ።

«እሱንም ይዞት ነበር» አለች።

«ማንን?»

«አባትህን። አንተ ገና አንደኛ ክፍል ሳትገባ። አምፖል ሲቀይር ይዞት ከዱካ ወድቆ፣ አንድ ሰዓት ያህል እዚህ አልጋ ላይ አስተኝቼዋለሁ። ለልጆቹ እንዳትነግሪ አለኝ። ከዚያ ወዲህ ነው ቆጣሪውን ማጥፋት ያመጣው።»

«ታዲያ ለምን አላስተካከለውም?»

«ኮርኒሱን አፍርሶ? በገዛ እጁ የሠራውን?» ብላ ትንሽ ሳቀች። «ሰው ልጥራ ብለው ሦስት ቀን አኮረፈኝ።»

እኅቴ ያን ጊዜ ሁሉ ስትስቅበት እሱ ቀና ብሎ አለማየቱ ትዝ አለኝ። ስልክ ልደውልላት ፈለግሁ፤ መሽቷል፣ ደግሞ በዋዜማ ምን ብዬ እነግራታለሁ።

ደህና እደሪ ብያት ልወጣ ስል «የሳሎኑ ገና ነው ያልከው?» አለችኝ።

«ቅዳሜ ነው።»

«እንግዲያው በሩን ገርበብ አድርገህ ውጣ።»